ከዝቅተኛው የእስራት ዘመን በኋላ ያለፉ 22 ወራት፦ የአንድ የአመክሮ ቦርድ አገልግሎት ግምገማ

ሰው ወዶና መርጦ ስለማይገለገልበት አገልግሎት ግምገማ መጻፍ እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል። የአመክሮ ቦርድ ፊት የሚቀርብ ታራሚም ሆነ ከግንቡ ውጭ ሆኖ የሚጠብቀው ቤተሰቡ፣ በአገልግሎቱ ቢከፋ ሌላ ቦርድ ፈልጎ አይሄድም፤ ቅሬታም ቢኖረው የሚያቀርበው ነገ ስለ እሱ ለሚወስነው ለዚያው አካል ስለሆነ ብዙ ጊዜ ዝም ማለትን ይመርጣል። ታናሽ ወንድሜ ከእስር የተፈታው የተወሰነበት ዝቅተኛ የእስራት ዘመን ካበቃ ከ22 ወራት በኋላ ነው። በእነዚያ ወራት ደብዳቤ የጻፍኩት፣ ስልክ የደወልኩት፣ በእናታችን ስም ቅጽ የሞላሁት እኔ ነበርኩ። ስለዚህ አገልግሎቱን ቀጠሮ ያከብራል ወይ፣ ሥራውን በጊዜው ያከናውናል ወይ፣ ውሳኔውን ለሰው በሚገባ ቋንቋ ያስረዳል ወይ በሚሉ ተራ መለኪያዎች ልመዝነው እፈልጋለሁ። ቦርዱንም ሆነ ማረሚያ ቤቱን በስም አልጠራም፤ የገጠመን ነገር ከአንድ መሥሪያ ቤት ክፋት የመጣ ሳይሆን አመክሮ ባለባቸው ብዙ አገሮች የሚታይ የአሠራር ጉድለት መሆኑን በኋላ ተረድቻለሁ።

በቅድሚያ አገልግሎቱ ምን እንደሆነ ላስረዳ። ዳኛው ለወንድሜ የሰጡት ሁለት ቁጥር ነው፦ ከ6 እስከ 12 ዓመት። 6ቱ ዝቅተኛው ዘመን፣ 12ቱ ጣሪያው ነው። በእንዲህ ዓይነቱ ሥርዓት ታራሚው ዝቅተኛውን ዘመን ሳይጨርስ በአመክሮ አይፈታም፤ ጣሪያው ከደረሰ ደግሞ በዚያ ፍርድ ማንም ሊያቆየው አይችልም፤ በሁለቱ መካከል ስላለው ጊዜ የሚወስነው ዳኛው ሳይሆን ቦርዱ ነው። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ርቀት እንደየቦታው ይለያያል። በአሜሪካ በፔንሲልቫኒያ ዝቅተኛው ዘመን ከጣሪያው ግማሽ መብለጥ የለበትም፤ በሚሺጋን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1972 ከተሰጠ የፍርድ ቤት ውሳኔ ወዲህ ከጣሪያው ሁለት ሦስተኛ መብለጥ አይችልም። በኒውዚላንድ ከሁለት ዓመት በላይ የተፈረደበት ሰው፣ ፍርድ ቤቱ ከዚያ የበለጠ ጊዜ ካልወሰነበት በቀር፣ የቅጣቱን አንድ ሦስተኛ ሲጨርስ ጉዳዩ ለአመክሮ ይታያል። በእንግሊዝና በዌልስ ዕድሜ ልክ እስራት የተፈረደበት ሰው በአብዛኛው ዝቅተኛ ዘመን ይወሰንበታል እንጂ ጣሪያ የለውም፤ ስለዚህ ከዝቅተኛው ዘመን በኋላ ምን ያህል እንደሚጠብቅ ሊነግረው የሚችል ሰው የለም።

እናታችን ከሁለቱ ቁጥሮች የሰማችው 6ን ብቻ ነው። ስድስት ዓመቱ የሚሞላበትን ቀን «ልጄ የሚመጣበት ቀን» ትለው ነበር፤ ከእኛም መካከል ያረማት አልነበረም፣ ምክንያቱም እኛም እንደዚያው ነበር የምናስበው። ከቦርዱ የመጣው የመጀመሪያ ደብዳቤ ያንን ቀን «ለአመክሮ ብቁ የሚሆንበት ቀን» ይለዋል። በሕግ ቋንቋ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ቀኑ ሲደርስ የሚከፈተው የመጠየቂያ በር እንጂ የመውጫ በር አለመሆኑን ደብዳቤው በአንድም ዓረፍተ ነገር አይናገርም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1979 ከነብራስካ በመጣ አንድ ጉዳይ ላይ፣ በሕግ የተፈረደበት ሰው የቅጣት ዘመኑ ከማብቃቱ በፊት የመፈታት መብት በሕገ መንግሥቱ እንደሌለው በግልጽ ወስኗል። ይህን ዓይነት እውነት በመጀመሪያው ቀን የነገረን ሰው ቢኖር ኖሮ እናቴ ለዚያ ቀን አልጋ ባላነጠፈች ነበር። አገልግሎቱ ከሁሉ አስቀድሞ ማረም ያለበት ደብዳቤውን ነው፤ ለማረምም አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል።

አመክሮ የሚለው ቃል ራሱ ብዙ ይናገራል። ምንጩ ግእዝ ነው፤ አመከረ ማለት ፈተነ፣ ሞከረ ማለት ሲሆን፣ መከራ የሚለው ቃልም ከዚያው ሥር የወጣ ነው። ለምንኩስና የሚዘጋጅ ሰው የሚፈተንበት ጊዜም አመክሮ ይባላል። ሐሳቡ ሰውየው በነጻነት ውስጥ ሆኖ፣ ክትትል እየተደረገበት፣ ቃሉን መጠበቅ አለመጠበቁ ይታይ የሚል ነው። እኛ በተግባር ያገኘነው ግን ፈተናው ከመጀመሩ በፊት ያለ መጠበቂያ ክፍል ነው፤ እዚያ ውስጥ ደግሞ የሚፈተነው የታራሚው ጠባይ ሳይሆን የቤተሰቡ ትዕግሥት ነው።

የመጀመሪያው ችሎት የተደረገው ዝቅተኛው ዘመን ሊያበቃ አራት ወር ሲቀረው ነው። እዚህ ላይ አገልግሎቱን ማመስገን አለብኝ። ወንድሜ እንደነገረኝ ሦስቱ የቦርድ አባላት መዝገቡን አንብበው ነው የመጡት፤ ስሙን በትክክል ጠርተውታል፤ የሠራውን ጥፋት በራሱ አንደበት እንዲናገር ጊዜ ሰጥተውታል፤ ሲያለቅስም አላቋረጡትም። ወደ አንድ ሰዓት የሚጠጋ ጊዜ ወስደዋል። «እትዬ፣ ከተያዝኩ ጀምሮ እንደ ሰው የተጠየቅሁት ዛሬ ነው» ብሎኛል። ፊት ለፊት መደመጥ ቀላል ነገር እንዳልሆነ የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳለፈው ውሳኔ አስምሮበታል፤ የቃል ችሎት የሚያስፈልገው ቦርዱ ትክክለኛ ውሳኔ እንዲሰጥ ስለሚረዳው ብቻ ሳይሆን፣ ታራሚው በራሱ ሕይወት ላይ በሚሰጥ ውሳኔ ውስጥ የመሳተፍ ተገቢ ጥቅም ስላለው ጭምር መሆኑን ፍርድ ቤቱ አስረድቷል። ቦርዱ በዚህ በኩል ያደረገልንን መልካም ነገር ከዚህ በታች የምጽፈው ወቀሳ አይሰርዘውም።

ውሳኔው ከሦስት ሳምንት በኋላ መጣ። አልተፈቀደለትም፤ ምክንያቱም ለጥፋቱ ዓይነት የታዘዘለትን የተሃድሶ ሥልጠና አልጨረሰም ነበር። ምክንያቱ በራሱ አሳማኝ ነው። ሰው ደብድቦ የዘረፈ ወጣት ቁጣውን መግዛት ተምሯል ወይ ብሎ መጠየቅ የቦርዱ ግዴታ ነው፤ የተጎዳው ሰው ወንድሜ ቢሆን ኖሮ እኔም የምጠይቀው ይህንኑ ነው። ችግሩ ወንድሜ ለሥልጠናው የተመዘገበው በሦስተኛው ዓመት መሆኑና እስከዚያች ቀን ድረስ ተራው አለመድረሱ ነው። ማረሚያ ቤቱ ቅድሚያ የሚሰጠው ዝቅተኛው ዘመናቸው ለተቃረበ ታራሚዎች ነው፤ የቦታው ቁጥር ጥቂት በመሆኑ ግን «የተቃረበ» የሚባለው ሰው ወረፋው የሚደርሰው ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው። ሥልጠናውን ያዘዘው፣ የሥልጠናውን ቦታ የሚመድበውና ሥልጠናውን አልጨረስክም ብሎ የሚያዘገየው አንድ መንግሥት መሆኑን ሳስብ፣ ወረፋው የማን ጥፋት ሆኖ እንደተቆጠረ ለመረዳት ይቸግረኛል።

በዚህ ጉዳይ ከሁሉ የከፋውን ምሳሌ ያገኘሁት እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ ነው፤ ስለ ወንድሜ ሳስብ ልቤ ሁልጊዜ ወደዚያ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ ሕግ፣ ለሕዝብ ጥበቃ ሲባል ጣሪያው ያልተወሰነ እስራት የሚባል ቅጣት ፈጠረ፤ ከ2005 ጀምሮም ሥራ ላይ ዋለ። ዳኛው ዝቅተኛውን ዘመን ይወስናል፤ ከዚያ በኋላ ታራሚው የሚወጣው አደገኛ አለመሆኑን ቦርዱ ሲያምን ብቻ ነው። ዝቅተኛ ዘመናቸው ሁለት ዓመት ያልሞላ ብዙ ሰዎች በዚህ ቅጣት ገቡ፤ አደገኛ አለመሆናቸውን ለማሳየት የሚያስፈልጋቸው ሥልጠና ግን በታሰሩበት ማረሚያ ቤት አልነበረም፣ ወይም ወረፋው ከዝቅተኛው ዘመናቸው ይረዝም ነበር። የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2012 በሦስት እንዲህ ያሉ ታራሚዎች አቤቱታ ላይ ሲወስን፣ ሰዎቹ ተገቢውን ሥልጠና የማግኘት ዕድል ሳይሰጣቸው ከዝቅተኛው ዘመን በኋላ የታሰሩበት ጊዜ የነጻነት መብታቸውን የጣሰ ነው ብሏል። ቅጣቱ በዚያው ዓመት ለወደፊቱ ተሻረ፤ ቀድሞ ለተፈረደባቸው ግን አልተሻረም። ከ8,000 በላይ ሰዎች በዚህ ቅጣት አልፈዋል፤ ዝቅተኛ ዘመናቸው ካለፈ ከአሥር ዓመት በላይ የሆናቸው ሰዎች ዛሬም በእስር ላይ አሉ። ሕጉን ያቀረቡት የዚያን ጊዜው የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ዴቪድ ብላንኬት ራሳቸው ከዓመታት በኋላ መጸጸታቸውን በይፋ ተናግረዋል። የወንድሜ ጉዳይ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ቀላል መሆኑን አውቃለሁ፤ አሠራሩ ግን አንድ ነው፦ መውጫው በቁልፍ ይከፈታል ይባላል፣ ቁልፉን የሚሠራው ሰው ግን አልተቀጠረም።

ሁለተኛው ችሎት የተያዘው ዝቅተኛው ዘመን ካበቃ በዘጠነኛው ወር ነው። በዚህ ጊዜ ወንድሜ ሥልጠናውን ጨርሶ የምስክር ወረቀቱን ይዞ ነበር። ነገር ግን አሠልጣኙ የጻፉት የግምገማ ሪፖርት ከመዝገቡ ጋር አልተያያዘም። ምስክር ወረቀቱ መጨረሱን እንጂ ምን እንደተማረ አያሳይም ተባለና ጉዳዩ ወደሚቀጥለው ክፍት ቀጠሮ ተዛወረ። የሚቀጥለው ክፍት ቀጠሮ ከስድስት ወር በኋላ ነበር። ሪፖርቱ በሌላ ሕንፃ፣ በሌላ ሠራተኛ ጠረጴዛ ላይ ተጽፎ ተፈርሞ እንደነበር ያወቅነው በኋላ ነው። ለዚህ ስድስት ወር ከማንም ይቅርታ አልተጠየቅንም፤ ስልክ ስደውል የመለሱልኝ ሴት ትሑት ነበሩ፣ «እመቤቴ፣ መዝገቡን የምናሟላው እኛ አይደለንም» አሉኝ፤ ያሉትም እውነት ነው። መዝገቡን የሚያሟላው ማረሚያ ቤቱ ነው፤ ማረሚያ ቤቱ ደግሞ ቀጠሮውን የሚይዘው ቦርዱ ነው ይላል። በሁለቱ መሥሪያ ቤቶች መካከል የወደቀ አንድ ወረቀት የአንድ ሰው ግማሽ ዓመት በላ።

የተጎዳውን ሰው አልረሳሁትም፤ ስለ እሱ ሳላነሣ ይህን አገልግሎት ብገመግም ሐቀኛ አልሆንም። በሕጉ መሠረት ስለ እያንዳንዱ ችሎት ይነገረዋል፤ ቢፈልግ የደረሰበትን ጉዳት በጽሑፍ ወይም በቃል ያስረዳል። በሦስቱም ችሎቶች መግለጫው እንደተነበበ ከውሳኔው ደብዳቤ ላይ አይቻለሁ። ቦርዱ ድምፁን ማክበሩ ትክክል ነው። ነገር ግን ሁለተኛው ችሎት የተዛወረው በአንድ ወረቀት ምክንያት ከሆነ፣ ያ ሰው የሕይወቱን ክፉ ሌሊት ለዚያ ቀን በከንቱ አስታውሶታል ማለት ነው። መዘግየት የሚጎዳው ታራሚውን ብቻ ነው የሚሉ ሰዎች ይህን አያዩም። ቀጠሮ በተዛወረ ቁጥር ቁስሉ እንደገና የሚከፈተው በሁለት ቤት ነው።

ሦስተኛው ችሎት በአሥራ አምስተኛው ወር ተደረገ፤ ወንድሜም ተፈቀደለት። የውሳኔው ደብዳቤ በደረሰን ቀን እናቴ ጎረቤት ሁሉ ጠራች። ደብዳቤው ግን በሁለተኛው ገጽ «የመኖሪያ አድራሻው ተጣርቶ ሲጸድቅ» የሚል ቅድመ ሁኔታ ነበረው። የእናቴን ቤት አስመዘገብን፤ የክትትል ሠራተኛው ለማየት የመጡት ከሁለት ወር በኋላ ነው፤ አድራሻው ከተጎዳው ሰው የሥራ ቦታ ጋር ስለሚቀራረብ አልጸደቀም። ይህ ተገቢ ነው፤ አስቀድመን ልናውቀው ይገባን ነበር፣ እነሱም ሊነግሩን ይገባ ነበር። የእኔን ቤት አስመዘገብን፤ የቤቱ ባለቤት በጽሑፍ እንዲፈቅዱ ተጠየቁ፤ ለመፍቀድ ጊዜ ወሰዱ፤ የክትትል ሠራተኛው ሌላ ቀጠሮ ያዙ። ሰባት ወር አለፈ። በእነዚህ ሰባት ወራት ወንድሜ በሕግ ፊት እንዲፈታ የተወሰነለት ሰው ነበር፤ የሚያድረው ግን እዚያው ክፍል ውስጥ ነው። ወንድሜ ቤት ነበረው። ወደ እሱ የሚሄድበት ሰው የሌለው፣ ቤተሰቡ የካደው ወይም የሞተበት ታራሚ በዚህ ደረጃ ላይ ምን እንደሚሆን አስቡት።

እንግዲህ ሒሳቡ ይህ ነው፦ ዘጠኝ ወር ለሥልጠና ወረፋ፣ ስድስት ወር ለአንድ ሪፖርት፣ ሰባት ወር ለአድራሻ። በ72 ወር ዝቅተኛ ዘመን ላይ 22 ወር ተጨመረ፤ ሲሦ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጭማሪ ነው። ቦርዱ ወንድሜን አይቶ «ይህ ሰው ገና አደገኛ ነው» ብሎ አቆይቶት ቢሆን ኖሮ ባዝንም እቀበለው ነበር፤ ቦርዱ የተቋቋመው ለዚያ ፍርድ ነውና። ከ22ቱ ወራት በአንዱም እንዲህ ያለ ፍርድ አልተሰጠም። ዳኛ ያልፈረደው፣ ቦርድም አስቦ ያልወሰነው፣ ዝም ብሎ የተከማቸ እስራት ነው፤ የማንም ፊርማ የለበትም።

አገልግሎቱን የምመዝንበት ዋና መለኪያ ስለዚህ አንድ ነው፦ ይህን ጊዜ ይቆጥረዋል ወይ? የእኛ ቦርድ በየዓመቱ ስንት ሰው እንደፈቀደና ስንቱን እንደከለከለ ያሳትማል፤ ከዝቅተኛው ዘመን በኋላ ሰዎች ምን ያህል እንደቆዩ ግን በሪፖርቱ ውስጥ አላገኘሁም። ቁጥሩ ቢታተምም አቆጣጠሩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አሥር ሰዎች ቢፈቱና ዘጠኙ ሦስት ሦስት ወር፣ አንዱ ደግሞ አሥር ዓመት ቢጠብቁ፣ አማካዩ ወደ 15 ወር ይጠጋል፤ ከአሥሩ አንዳቸውም ግን 15 ወር አልጠበቁም። እንዲህ ባለ ጊዜ ሰዎቹን በጠበቁት ጊዜ ቅደም ተከተል አሰልፎ መካከለኛውን መውሰድ የበለጠ ይናገራል፤ እሱም ሦስት ወር ነው፤ የአሥር ዓመቱ ሰው ግን በዚያ ውስጥ እንዳይጠፋ ለብቻው መጻፍ አለበት። በመቶኛ መናገርም ያሳስታል፤ አንድ ዓመት ተወስኖበት ስድስት ወር የቆየ ሰው የዝቅተኛውን ዘመን 150 በመቶ ታሰረ ይባላል፣ ሃያ ዓመት ተወስኖበት ሁለት ዓመት የቆየው ደግሞ 110 በመቶ ብቻ፤ ተጨማሪው ጊዜ ግን የሁለተኛው በአራት እጥፍ ይበልጣል። ፍርድ ሳይሰጠው በጣቢያና በማረፊያ የቆየበት ጊዜ ስለሚታሰብለት፣ ማረሚያ ቤት ሲገባ ዝቅተኛው ዘመኑ ሊያልቅ የደረሰ ሰውም አለ፤ እሱን ለሥልጠና አምስት ዓመት ከነበረው ሰው ጋር በአንድ ረድፍ መቁጠር ትክክል አይደለም። ከሁሉ በላይ ግን የተፈቱትን ብቻ የሚቆጥር አቆጣጠር እስካሁን ያልተፈቱትን አያያቸውም። እጅግ ረጅም የጠበቁት እነሱ ሆነው ሳለ በሰንጠረዡ ውስጥ የሉም።

አመክሮ እንዲህ ከሆነ ለምን አይቀርም የሚል ሰው አለ፤ ሐሳቡም ታሪክ አለው። የእስር ቤት አዛዥ የነበረው አሌክሳንደር ማኮኖቺ እ.ኤ.አ. በ1840 ከአውስትራሊያ ወዲያ ባለችው በኖርፎክ ደሴት እስር ቤት፣ ታራሚዎች በሥራና በጠባይ ነጥብ እየሰበሰቡ የሚፈቱበትን ቀን እንዲያፋጥኑ ሲሞክር፣ በ1876 የተከፈተው የኒውዮርኩ ኤልማይራ ማረሚያም ጊዜው ያልተቆረጠ ቅጣትን ከአመክሮ ጋር ሲያያይዝ፣ ሐሳቡ ሰው ይለወጣል የሚል ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ ግን የአሜሪካዋ ግዛት ሜይን በ1976 አመክሮን አስቀረች፤ የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥትም ከኅዳር 1987 ወዲህ ለተፈጸሙ ወንጀሎች አመክሮን አስቀርቷል። ቁርጥ ያለ ቅጣት ይሻላል፣ ቢያንስ ሰው የሚወጣበትን ቀን ያውቃል ይላሉ። በአሥራ ሰባተኛው ወር ላይ ብትጠይቁኝ እኔም ይህን እል ነበር። ዛሬ ግን አልልም። ወንድሜ ለሥልጠናው የተመዘገበው ቦርዱ እንደሚጠይቀው ስላወቀ ነው፤ ሥልጠናው ደግሞ ለውጦታል፤ ይህን እህቱ እንደመሆኔ በዓይኔ አይቻለሁ። ደግሞም ቦርዱ እስከ ጣሪያው ያቆየው ሰው ብዙ ጊዜ የሚወጣው ያለ ምንም ክትትል ነው፤ ቅጣቱ አልቋልና። እጅግ ያሰጋል የተባለው ሰው ማንም ሳይከተለው ይወጣል፣ ያነሰ የሚያሰጋው በየሳምንቱ ሪፖርት ያደርጋል። ዝግጅትና ክትትል ያለበት መፈታት ለሁሉም የተሻለ ነው፤ ጉዳዩ በጊዜው መደረጉ ነው።

ሌሎች ቦርዶች ምን እንደሚያደርጉ ሳነብ ሁለት የተለያዩ መንገዶች አየሁ። በካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2008 በሕዝብ ድምፅ የጸደቀ ሕግ፣ የተከለከለ የዕድሜ ልክ ታራሚ እንደገና ለመታየት እስከ 15 ዓመት እንዲጠብቅ ፈቀደ፤ አጭሩም 3 ዓመት ሆነ። የተጎዱ ሰዎችን ከተደጋጋሚ ችሎት ለማሳረፍ ታስቦ ነው፤ ዓላማውን አከብራለሁ፤ 15 ዓመት ግን ሰው ሌላ ሰው የሚሆንበት ጊዜ ነው። በዚያው ዓመት የዚያው ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደግሞ፣ የማይለወጠው የወንጀሉ ክብደት ብቻውን ሰውየው ዛሬ አደገኛ መሆኑን አያስረዳም ሲል ወሰነ። ይህን ውሳኔ እያንዳንዱ ቦርድ ቢያነበው እወዳለሁ፤ የወንጀሉን ክብደት ዳኛው ዝቅተኛውን ዘመን ሲቆርጥ ቆጥሮታልና።

የተሻለው መንገድ የሚሺጋን ይመስለኛል። እዚያ እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣ ሕግ መሠረት፣ በቦርዱ መመዘኛ ለመፈታት ከፍተኛ ዕድል አለው ተብሎ የተመደበ ሰው ዝቅተኛውን ዘመን ሲጨርስ መፈታት ደንብ ነው፤ ቦርዱ ሊያቆየው ከፈለገ በሕጉ ከተዘረዘሩት ተጨባጭ ምክንያቶች አንዱን በጽሑፍ ማሳየት አለበት። ማስረዳት የሚገባው ማን ነው የሚለው ጥያቄ በዚህ ተገላበጠ። በእንግሊዝና በዌልስም ከ2018 ጀምሮ የቦርዱ ውሳኔ አጭር መግለጫ ለተጎዱ ሰዎችና ለሌሎችም ሲጠየቅ ይሰጣል፤ ቀድሞ ይህን የሚከለክል ደንብ ነበር፣ ፍርድ ቤት ሕገ ወጥ ነው አለው። የእኛ ቦርድ የሰጠን የመጀመሪያው የክልከላ ደብዳቤ አራት መስመር ነበር፤ ከአራቱ ሁለቱ በማንኛውም ደብዳቤ ላይ የሚገኙ ናቸው።

ቦርዶች ሰዎች መሆናቸውም መዘንጋት የለበትም። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ አንድ ጥናት በእስራኤል የአመክሮ ዳኞች የሰጧቸውን ከ1,000 በላይ ውሳኔዎች መርምሮ፣ ከዕረፍት በኋላ ወደ 65 በመቶ የነበረው የመፍቀድ መጠን እስከሚቀጥለው ዕረፍት ድረስ ወደ ዜሮ እንደሚወርድ አሳየ። በኋላ ሌሎች ተመራማሪዎች የጉዳዮቹ ቅደም ተከተል በዕጣ የተደረገ እንዳልሆነና ጠበቃ የሌላቸው ታራሚዎች ወደ መጨረሻ እንደሚቀርቡ ጠቁመው ግኝቱን ተከራክረውታል። ድካም ይሁን ቅደም ተከተል አልወስንም፤ ጠበቃ የሌለው መጨረሻ ላይ መቅረቡ ብቻውን ለእኔ በቂ ማሳሰቢያ ነው። ወንድሜ ጠበቃ የነበረው በሦስተኛው ችሎት ብቻ ነው።

ለችሎቱ አያያዝ ለዚህ አገልግሎት ሙሉ ምስጋና እሰጣለሁ፤ ለውሳኔ አጻጻፉ ግማሽ፤ ከዝቅተኛው ዘመን በፊት መሠራት ያለበትን በጊዜው ለመሥራት ግን ምንም ልሰጠው አልችልም፤ አልሠራውምና። ተመሳሳይ መንገድ ለሚጠብቃቸው ቤተሰቦች የምመክረው ከ22 ወር የተማርኩትን ነው። ዝቅተኛውን ዘመን የመፈቻ ቀን ብላችሁ አትቁጠሩ፤ በተለይ ለልጆችና ለእናቶች እንደዚያ አትንገሩ። የታዘዘው ሥልጠና የትኛው እንደሆነና በወረፋው ስንተኛ እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ዝቅተኛው ዘመን ሊያበቃ ሁለት ዓመት ሲቀረው ካልጀመረ ለማረሚያ ቤቱም ለቦርዱም ጻፉ፤ የደብዳቤውን ግልባጭ አስቀሩ፤ ቦርዱ መዘግየቱ የታራሚው አለመሆኑን የሚያውቀው በዚያ ነውና። አድራሻ ሁለት አዘጋጁ፤ የመጀመሪያው ሳይጸድቅ ቢቀር ሁለተኛው በዚያው ቀን እንዲቀርብ፤ ቤቱ የኪራይ ከሆነ የባለቤቱን ፈቃድ ችሎቱ ሳይደርስ በእጃችሁ ያዙ፤ የተጎዳው ሰው የሚኖርበትና የሚሠራበት አካባቢ የተከለከለ መሆን አለመሆኑን የክትትል ሠራተኛውን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ከችሎቱ አንድ ወር በፊት ደግሞ ስልክ ደውላችሁ አንድ ጥያቄ ብቻ አቅርቡ፦ የአሠልጣኙ ሪፖርት ከመዝገቡ ጋር ተያይዟል ወይ? «ይያያዛል» ካሏችሁ በሳምንቱ እንደገና ደውሉ።